ትኩሳት የለኝም

ሰኔ 3፣ ሰኞ

የታናሼ ውጤት መጣ። ይሆናል። ኩላሊቱ ለእኔ ይሆናል።

ዶክተሩ ወረቀቱን እያገላበጠ ሲነግረን ሚስቴ እጄን ጨምቃ ልትሰብረው ምንም አልቀራት። እኔ ምን እንደተሰማኝ አላውቅም። «ደስ ብሎኛል» አልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር የሚባለው እሱ ስለሆነ። ቀዶ ጥገናው ለሐምሌ መጨረሻ ተቀጥሯል። እስከዚያ ያው ነው፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማሽኑ አጠገብ መጋደም፣ ደሜ ወጥቶ ታጥቦ እስኪመለስ ጣራውን ማየት።

ዋናዋ ሲስተር ደስታችንን አይታ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«ስማኝ። ይሄ ቱቦ» አለች፣ ከቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ከደረቴ የወጣውን ካቴተር እያሳየች፣ «ጫፉ ልብህ ጋ ነው ያለው። ከውጭ የገባ ጀርም መንገድ ላይ ቆሞ አያርፍም፤ ቀጥ ብሎ ደምህ ውስጥ ነው። ውሃ እንዳይነካው። እጅ እንዳይነካው። ብርድ ብርድ ካለህ፣ በዚያው ቅጽበት ትነግረኛለህ። ትኩሳት ይዘህ ማንም ኩላሊት አይተክልልህም።»

«ገባኝ።»

«ሁሌም ገባኝ ብለህ ነው የምትወጣው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው መኪና ሳስተምር ኖሬአለሁ። «ገባኝ» ያለ ለማጅ አጥር ይዞ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አልተቀየምኳትም።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ዛሬ ሁለት ነርሶች ብቻ ነበሩ፤ ዋናዋና አዲስ የተቀጠረችው ትንሿ ሲስተር። ሦስተኛዋ ቀርታለች። አንዱን ማሽን ዝም ሲያሰኙት ሌላው ይጮኻል። ትንሿ ጓንት ስትቀይር፣ እጇን ስትታጠብ፣ ደግሞ ጓንት ስትቀይር አየኋት፤ የእጇ ቆዳ ተልጦ አልቋል።

ከጎኔ ያለው ጸጉር አስተካካዩ ነው። እሱም እንደኔ በቱቦ ነው የሚታጠበው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ክንዳቸው ላይ ደም ሥራቸው ተገጣጥሞላቸው በመርፌ ነው፤ ፊስቱላ ይሉታል፤ ከቱቦው ይሻላል፣ ጀርም አያስገባም እየተባለ በየሳምንቱ እንመከራለን። እሱ አሻፈረኝ ብሏል።

«ክንዴ እንደ ገመድ ተቋጥሮና አብጦ፣ ምላጭ ይዤ ሰው አንገት ላይ ብቆም ማን ይቀመጥልኛል?» ይላል።

እኔ ምክንያቴ ሌላ ነው። ኩላሊት ልቀበል ነው፤ ለሁለት ወር ብዬ ክንዴን አላስቀድድም።

ስሜን ትቶ ጋሽ ፍሬን ነው የሚለኝ። ማሽኑ ላይ እንቅልፍ ሲወስደኝ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» እያልኩ እጮኻለሁ አሉ። በመስኮቱ በኩል የምትተኛው ባለሬዲዮዋ መጀመሪያ ቀን ስትሰማኝ በእውነት ደንግጣ እግሯን ሰብስባለች። እስከዛሬ ይሳቅብኛል።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

የማይረባ ቀን።

አንዲት ለማጅ ፈተናዋ ሰኞ ነው፤ ዳገት ላይ ስትቆም መኪናው ወደኋላ ይንሸራተትባታል። በስልክ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። መንዳት ተከልክያለሁ፤ አጠገቧ መቀመጥ ግን ማንም አልከለከለኝም። ሚስቴ እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር።

ዳገቱ መሃል ሞተሩ ጠፋ፤ አልነሳም አለ። ዝናቡ ደግሞ ያን ጊዜ ነው የተዘረገፈው። ከኋላ መኪናው ተደርድሮ ይጮኻል። ወርጄ ገፋሁ። ምን ላድርግ? ልጅቷ መሪ ላይ ተጣብቃ እየተንቀጠቀጠች ነው።

እስከ ውስጥ ልብሴ ራስኩ። ቤት ገብቼ ሳየው የቱቦው ፋሻ በስብሶ፣ ፕላስተሩ በአንድ በኩል ተገልጦ ተንጠልጥሏል። በፎጣ አደረቅኩት። ከመሳቢያ የነበረ ፕላስተር ደርቤ ለጠፍኩበት። ምንም አይልም። ሰኞ እነሱው ራሳቸው ይቀይሩታል።

ልጅቷ ዳገቱን በመጨረሻ ወጥታዋለች።

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ትንሿ ሲስተር ፋሻውን ስታነሳ፣ «ይሄ የኛ ፕላስተር ነው እንዴ?» አለች።

«ሊላቀቅ ሲል ሚስቴ አጠበቀችው።»

«ቀላ ብሏል። ዋናዋን ልጥራትና ትየው?»

ዋናዋ ሲስተር ወዲያ ማዶ ደም ግፊቱ የወረደበት ሰው እግር ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ላቧ በማስኳ ሥር ይወርዳል። «ተያት፣ አታድክሚያት። ቆዳዬ ፕላስተር አይወድም፤ ሁሌ ይቀላል» አልኳት።

ደጋግማ አጸዳችው። እስኪደርቅ በእጇ ሳትነካው ቆማ ጠበቀች። ጥሩ ልጅ ናት።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

እጥበቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ በረደኝ። ጥርሴ እስኪንገጫገጭ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ መስኮቱን ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም። ብርድ ልብስ ለመንኩ። ሲያበቃ ተወኝ።

ጸጉር አስተካካዩ፣ «መስኮቱ እኮ ዝግ ነው» አለ።

ሰው ጥርጣሬ ሲወድ!

ሰኔ 16፣ እሁድ

ታናሼ መጣ። ሻንጣውን በትከሻው ተሸክሞ፣ በበሩ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ድሮም ቤታችን ለቁመቱ አይበቃም። ክንዱ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የተወው ጠባሳ በየቦታው ነጥብ ነጥብ ብሏል። የሚሠራበት ብረታ ብረት ቤት እስከ ሐምሌ ማብቂያ ፈቃድ ሰጥቶታል።

ሚስቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ቤት ውስጥም ድምጿን መቀየር ይረሳታል። «እጃችንን ታጥበናል?» አለችው ገና ሳይቀመጥ። እሱም እንደ ሕፃን ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳያት። ሳቅን።

እናታችን ስትሞት ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር፤ እኔ ነኝ ጫማውን ያሰርኩለት። አሁን ጎኔ ተቀምጦ ስለ ቀዶ ጥገናው እየቀለደ ነው። «ጋሼ፣ የኔ ኩላሊት ጨው ይወዳል፤ ከገባ በኋላ እንዳትጨቃጨቁ» ይላል። ሲስቅ ግን ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሎ ይርገበገባል። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሚስቱ አብራው አልመጣችም። ለምን ብለን አልጠየቅንም።

ሰኔ 17፣ ሰኞ

ወገቤን ያመኛል። ፍራሹ ነው፤ መሃሉ ጎድጉዷል። ሚስቴና ታናሼ ገለበጡት።

ለወገቤ ሁለት ፓራሲታሞል ውጬ ሄድኩ። ሙቀት ተለካሁ፤ ደህና ነው። በረደኝ፤ ግን ያለፈውን ያህል አይደለም።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

የመስኮቱ ወንበር ባዶ ነው። ሬዲዮኗ የለችም። ክፍሉ እንዲህ ጸጥ ሲል ማሽኖቹ ብቻ ናቸው የሚሰሙት።

ዋናዋ ሲስተር በስልክ ስታወራ ጆሮዬ ገባ። «አዎ፣ ከካቴተሩ ነው… ደሟ ውስጥ ተሰራጭቷል… እንዴት ነው ማንም ያላየው? ማን ነበር ከማሽኑ የሚያገናኛት?» አዳመጠች። «ገና አዲስ ናት፤ አይፈረድባትም፤ ግን…» አለችና ወደ ውጭ ወጣች።

ሴትዮዋ ሁለት ቱቦ ቀይራለች፤ ስኳርም አለባት። የእሷ ሌላ ነው።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

ባለሬዲዮዋ አረፈች።

ጸጉር አስተካካዩ ዛሬ አልቀለደም። ከማሽኑ ሲነቅሉት ብቻ፣ ወደኔ ሳያይ፣ «ቤቷ ሆና ለሳምንት ስትንቀጠቀጥ ነበር አሉ። ልጆቿን ላለማስጨነቅ ብላ ዝም» አለ።

ለእኔ ምን አስነገረው?

ሰኔ 23፣ እሁድ

ወገቤ የፍራሹ ነገር አልገባውም መሰለኝ፤ ተገልብጦም ያው ነው። ከሰዓት ተኝቼ ነበር። መስኮቱ ሥር ታናሼ ለሚስቱ ስልክ ይደውላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ግን የበያጅ ዝቅታ ምን ያህል ነው? ጆሮው ከማሽን ጋር የኖረ ሰው ሹክሹክታ አያውቅም።

«ፈርቼ አይደለም አልኩሽ እኮ… አይ… ሐምሌ ነው። ከሐምሌ ካለፈ ሌላ ነገር ነው።»

ከሐምሌ ካለፈ ሌላ ነገር ነው።

ጣራውን እያየሁ ይሄን ስመልስ ስገለብጥ ዋልኩ። ትክክል ነው። ሚስት አለችው፣ ልጆች አሉት፣ ትከሻ የሚጠይቅ ሥራ አለው። ማን ይፈርድበታል? ቆራጥነት እንደ ሞተር ነው፤ ሲሞቅ ካልነዱት ይጠፋል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ከጠፋ አስነስቶ መሄድ ከባድ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ቀጠሮው አለመነካቱ ነው። እስከዚያ ትንሽ መጠንቀቅ። ትንሽ መቻል። የሰው ልጅ ስንቱን ችሏል።

ሚስቴ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ዳሰሰች። «ሞቀህ?»

«ብርድ ልብሱ ነው።»

ሰኔ 24፣ ሰኞ

ከመግባቴ በፊት መጠበቂያው ላይ ኪኒኑን ስውጥ ጸጉር አስተካካዩ ከጀርባዬ ቆሞ ኖሯል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ለወገቤ።»

«ወገብህ ሙቀት ከመለካትህ በፊት ነው የሚያምህ?»

አፍህን ያዝ አልኩት። ቀለል አድርጌ ነው ያልኩት። ቀዶ ጥገናው እንዳይሰረዝብኝ፣ ወንድሜ እንዳይመለስብኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሰማኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለ። ይሄን ተረት አክስቶቼ ሁሉ ሲሉት ነው ያደግኩት፤ አንዳቸውም ሐኪም ቤት ሄደው አያውቁም።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

በረደኝ። ሦስት ኪኒን። ዋናዋ ሲስተር «ፊትህ አመድ መስሏል» አለች። እንቅልፍ አጥቼ ነው አልኩ። ይሄኛው እውነት ነው።

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ መነሳት አቃተኝ። ታናሼ መጥቶ በርከክ አለና አሰረልኝ።

ነገ ደህና እሆናለሁ። ትኩሳት የለኝም። ለክቻለሁ፤ ኪኒኑን ከዋጥኩ በኋላ ለካሁ፤ የለኝም።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ሐኪም ቤት ነኝ። ተኝቼ ነው የምጽፈው፤ እጄ ይደክማል።

ዓርብ ዕለት የሆነው እንዲህ ነው። ማሽኑ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ወንበሩ አብሮኝ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜም «መስኮቱን ዝጉልኝ» ብያለሁ አሉ። ጸጉር አስተካካዩ በማሽን እንደታሰረ ክንዱን አንስቶ ጮኸ።

«ሲስተር! ሲስተር፣ ይሄ ሰውዬ ውሸቱን ነው! ሳምንት ሙሉ ትኩሳቱን በኪኒን እያፈነ ነው የሚመጣው! ዓይኔ እያየ!»

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። የዋናዋ ሲስተር ፊት በላዬ። ከቱቦውም ከክንዴም ደም ሲወሰድ። ትንሿ ሲስተር «ጠይቄው ነበር እኮ፣ ጠይቄው ነበር» ስትል። ቱቦው ሲነቀል። ቀዝቃዛ ነገር በደም ሥሬ ሲገባ።

ደሜ ውስጥ ጀርም በቅሏል። የወገቤ ነገርም ፍራሹ አልነበረም፤ ጀርሙ በደሜ ተጉዞ አከርካሪዬ መሃል ሄዶ ተቀምጧል። ልቤ ተርፏል። ዶክተሩ «ልብህ መትረፉ ዕድል ነው፤ አንተ አላገዝከውም» አለ። እጥበቱ ለጊዜው በብሽሽቴ በገባ ቱቦ ነው። አንቲባዮቲኩ ለሳምንታት ይቀጥላል።

ንቅለ ተከላው ተሰርዟል።

ጸጉር አስተካካዩን ዓይኑን ማየት አልፈልግም።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ሚስቴ ሳምንት ሙሉ አልተቆጣችም፤ ዛሬ ጀመረች። ብርቱካኑን እየላጠች፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ልጣጩን በእልህ እየቀደደች።

«የኔን ስም ጠርተህ ዋሸህ። ሚስቴ ናት ፕላስተሩን የለጠፈችው አልክ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ትንሿ ልጅ። መጥታ ጠየቀችኝ። እጄን ታጥቤ እንደሆነ!» አለችና ብርቱካኑን አስቀመጠችው። «የሠላሳ ሕፃን እጅ አስታጥቤ የምውል ሴትዮ!»

ከዚያ አለቀሰች። ብርቱካኑ ለኩላሊት በሽተኛ እንደማይፈቀድ ሁለታችንም ረስተን ነበር።

ሐምሌ 7፣ እሁድ

ታናሼ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀልድ የለም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትኩሳቱን ለምን ደበቅከው?»

«ቀጠሮው እንዳይሰረዝ ነዋ።»

«ቢሰረዝ ሌላ ቀጠሮ ይሰጡን የለ እንዴ?»

ብርድ ልብሱን ወደ ደረቴ ሳብኩ።

«ሌላ ቀጠሮ ከተሰጠ ይሸሻል ብለህ ነው።»

«ማን አለህ?»

«ማንም አላለኝም። አንተን አውቅሃለሁ።»

«ለሚስትህ ስትደውል ሰምቼሃለሁ» አልኩት። «ከሐምሌ ካለፈ ሌላ ነገር ነው ስትል።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። «የሥራ ፈቃዴን ነው እኮ! ከሐምሌ ካለፈ አሠሪዬ ሌላ ሰው ይቀጥራል፣ ሌላ ፈቃድ መለመን አለብኝ ነው ያልኳት!» ተነሳ። ጣራው አነሰው። «ልትሞትብኝ ነበር ጋሼ። ኩላሊቴን ይዤ እቤትህ ተቀምጬ፣ እኔን ከመጠየቅ ሞትን መረጥክ።»

ምን እንደመለስኩለት አልጽፍም። ትልቅ የሚያሰኝ አልነበረም።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ለእጥበት በተሽከርካሪ ወንበር ወሰዱኝ። ትንሿ ሲስተር የለችም። ሌላ ሴት ናት ያገናኘችኝ።

ሁለት የጽዳት ሠራተኞች በሩ ላይ ሲያወሩ ሰማሁ፤ «ሁለት ሰው እኮ ነው፤ መጀመሪያ የመስኮቷ ሴትዮ፣ ቀጥሎ ይሄ። ሁለቱም በእሷ እጅ። ልጅቷን ወደ ካርድ ክፍል ሊያዛውሯት ነው አሉ። ሌሊቱን ስታለቅስ ነው የምታድረው።»

ይሄ የሐኪም ቤቱ የውስጥ ጉዳይ ነው። እኔ በሽተኛ ነኝ።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ደግሞስ ማን ያውቃል? ዶክተሩ ራሱ ጀርሙ በምን እንደገባ አይታወቅም ብሏል። ከእጅ ሊሆን ይችላል። ከአየር ሊሆን ይችላል። ዝናብ ንጹሕ ነው ይባላል።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወገቤ ነው።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ነገርኳቸው።

ዋናዋ ሲስተር ቱቦውን ስታገናኝ እጇ ላይ አፍጥጬ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ለማጇን፣ ዳገቱን፣ ዝናቡን፣ የመሳቢያውን ፕላስተር። ትንሿ ሲስተር ልትጠራሽ ስትል ተያት ያልኳት እኔ ነኝ አልኩ። ማስኳ ሥር አፏ ምን እንደሆነ አይታይም፤ ዓይኗ ግን ተዘጋ።

«ለምን አሁን ነገርከኝ?»

«ልጅቷን…»

«ይሄን ለኔ ብቻ ነግረህ አትተኛም» አለች። የክፍሉን ኃላፊ አስጠራች። እየታጠብኩ፣ ደሜ በቱቦ እየዞረ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኩ። ጎረቤት ወንበር ላይ ጸጉር አስተካካዩ አለ፤ መጽሔት ይዞ ነበር፣ ገጹን አልገለጠም።

ኃላፊው ከሄደ በኋላ ሲስተር የወንበሬን ጠርዝ ይዛ ቆመች። እንዲህ ደክማ አይቻት አላውቅም። «ጥፋቱ የአንተ ይሁን የኛ አይታወቅም» አለች። «ሁለት ሰው ሆነን ይሄን ሁሉ ስናገናኝ እኔም ማጽጃው ሳይደርቅ ቸኩዬ አውቃለሁ። የባለሬዲዮዋን ለማን ልናገር? አንተ ቢያንስ በሕይወት አለህና ተናገርክ።»

ሐምሌ 14፣ እሁድ

ታናሼ ወደ ሥራው ተመለሰ። አሠሪው ደውሎለት ነው። ሊሰናበተኝ መጥቶ ተኝቼ አገኘኝ፤ አልቀሰቀሰኝም አለች ሚስቴ።

ተኝቼ አልነበረም።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ጸጉር አስተካካዩ የእጥበት ቀኑ ሳይሆን መጣ። ቦርሳውን አልጋዬ ላይ አራገፈ፤ መቀስ፣ ማበጠሪያ፣ ነጭ ጨርቅ።

«ልታመሰግነኝ አልመጣሁም» አለ። «ጸጉርህ ያሳፍራል። የኔ ጎረቤት ሆነህ እንዲህ ስትታይ ሥራዬን ታበላሻለህ።»

ትራስ ደግፎ አስቀመጠኝ። መቀሱ ጆሮዬ ሥር ይንሿሿ ጀመር።

«ተቀይሜሃለሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ። አንገትህን ቀና አድርግ።»

«አሁንም ትንሽ አለ።»

«ይኑር። ሞተህ ከምትወደኝ በሕይወት ሆነህ ብትጠላኝ ይሻላል። ደግሞስ ከእኔና ከጸጉርህ የቱ ቢወገድልህ ይሻላል?» አለና በማበጠሪያው አናቴን መታ አደረገኝ።

ሲጨርስ መስታወት ያዘልኝ። የማላውቀው፣ የከሳ፣ ንጹሕ ሰውዬ አየኝ። ትንሿ ሲስተር ዛሬ ወደ ሥራዋ መመለሷን የነገረኝ እሱ ነው። «ጓንቷን ስትቀይር ሦስት ሰዓት ይፈጅባታል፤ እስከ ማታ አንወጣም» ብሎ አማረረ። ደስ ብሎት ነው።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

ከቤት እየተመላለስኩ ነው። አንቲባዮቲኩ እጥበቱ ሲያልቅ በማሽኑ በኩል ይሰጠኛል። የዛሬው የደም ውጤት ንጹሕ ነው፤ ጀርም አልበቀለበትም።

ታናሼ ይደውላል፤ ለሚስቴ። ስለ እኔ ይጠይቃታል። «አለ?» ይላል። «አለ» ትለዋለች። እኔ ጎኗ ተቀምጫለሁ።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

ክንዴን ተቀደድኩ። ፊስቱላው ተሠራ። ያን ጊዜ «ለሁለት ወር ብዬ» ያልኩት ሰውዬ የት አለ? ቆዳዬ ሥር ደም ሲሮጥ በጣቴ ይሰማኛል።

ትንሿ ሲስተር ስፌቱን ስታይ «አያምርም?» አለች። ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ መጀመሪያ ጊዜያችን ነው። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ባለፈው ሰው ሁሉ ባለበት ብለዋል እኮ» አለች። «ለሰዉ ነው ያልኩት፤ ለአንቺ አይደለም።» አንገቷን ደፍታ ፋሻውን ጠቀለለችልኝ። ጥብቅ አድርጋ።

ነሐሴ 24፣ ዓርብ

አንቲባዮቲኩ ካበቃ ሰነበተ። ፎቶ ተነሳሁ፤ አከርካሪዬ እየዳነ ነው። ዶክተሩ «እስከ ጥር እንጠብቅ፤ ምንም ካልተመለሰ እንደገና እናያለን። ሰጪው አሁንም ፈቃደኛ ነው?» አለ።

ሚስቴ ወደኔ ዞረች።

«አላውቅም» አልኩ። «አልጠየቅኩትም።»

ዛሬ እጥበት ላይ ጸጉር አስተካካዩ ክንዴ ላይ ጣቱን አሳርፎ ነበር፤ «ንብ ገብቶበታል» ብሎ ቶሎ አነሳው። እሱም ለፊስቱላ ከቀዶ ሐኪሙ ቀጠሮ ይያዝልኝ ሲል ግን ሰምቼዋለሁ። ዋናዋ ሲስተር እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ማልቀሷ ይሁን መሳቋ ከማስኩ የተነሳ አልተለየም።

ነሐሴ 26፣ እሁድ

ሚስቴ ስልኩን ደውላ እጄ ላይ አስቀመጠችውና ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ጋሼ?»

«እኔ ነኝ።»

ከወዲያ ብረት ሲቆረጥ ይሰማል፤ እሁድም ይሠራሉ። ወጥቶ ራቅ አለ መሰለኝ፣ ድምፁ ጠራ። ስለ ጥር ነገርኩት። ስለ ዶክተሩ ጥያቄም ነገርኩት። «ብትተወው አልቀየምህም» ልል አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስጨረሰኝም።

«ያን ቀን ስቆጣህ ሙሉውን አልነገርኩህም» አለ። «ቀዶ ጥገናው ተሰርዟል ሲሉ ደስ አለኝ። አንተ እዚያ ተኝተህ ታቃስታለህ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እፎይ አልኩ። ከዚያ አንተ ላይ ጮህኩ። ልደውልልህ ያልቻልኩት ለዚህ ነው። የጠረጠርከኝ እውነት ነበር።»

እኔ ታላቁ ነኝ፤ የሚባል ነገር ማግኘት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ያገኘሁት ግን ሌላ ነው።

«እኔም» አልኩት።

«አንተ ምን?»

«ውጤቱ ይሆናል ካሉበት ቀን ጀምሮ ፈርቻለሁ። አንድ ቀን አብረን እንገባና እኔ እነቃለሁ፣ አንተ አትነቃም እያልኩ። ለልጆችህ ምን እላለሁ እያልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለራሴም አልጻፍኩትም።»

ከወዲያ የብረቱ ድምፅ ቆሟል።

«እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ፈርቼ ነው የምመጣው፤ እወቀው።»

«እኔም ፈርቼ ነው የምጠብቅህ።»

ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር፤ የእኔም ሳይሰማው አይቀርም። ስልኩን ማናችንም አልዘጋንም።